ሼህ ዛይድ መንገድ፦ ዱባይን ለሁለት የከፈለው መንገድ እንዴት መሻገሪያ አገኘ

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዱባይ ውስጥ መንገድ ለመሻገር ብቻ ታክሲ የሚይዙ ሰዎች ነበሩ። የሚሄዱበት ሕንፃ ፊት ለፊታቸው ቆሟል። ስሙ ከቆሙበት ይነበባል። ርቀቱ ቢበዛ ጥቂት መቶ ሜትር ነው። በመሃል ግን ሼህ ዛይድ መንገድ አለ። መኪኖች በሰዓት 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይበሩበታል። ስለዚህ ታክሲው ወደፊት ይነዳል፣ ቀጣዩ ማሳለጫ ላይ ይዞራል፣ ከዚያ በሌላኛው አቅጣጫ ይመለሳል። ለታክሲ የሚከፍለው የሌለው ደግሞ አጥሩን ዘሎ ይሮጣል። ሮጠው ማዶ ሳይደርሱ የቀሩ ሰዎች አሉ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ መንገድ ነው። ለምን ከተማዋን እንደከፈለ፣ ምን ምን እንደተሞከረ፣ የትኛው ሙከራ እንደሠራ ላሳያችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጉዳዩን የመረጥኩት ብዙ ኢትዮጵያውያን በየቀኑ የሚያዩት መንገድ ስለሆነ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። ስለ ዱባይ ሲወራ ፎቁ፣ ወርቁና ሞሉ ይነሳል። በእግሩ የሚሄደው ሰው ግን አይነሳም። የዚህን መንገድ ታሪክ በደንብ የሚገልጠው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሸዋ ላይ የተዘረጋ መንገድ

ዱባይ ነዳጅ ያገኘችው በ1966 ነው። በ1971 መጨረሻ የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ተመሠረተች። አዲሷ አገር ዱባይንና አቡዳቢን የሚያገናኝ ደህና አስፋልት ያስፈልጋት ነበር። ግንባታው በዚያው ዓመት ተጀምሮ በ1980 አለቀ። ያኔ ስሙ ዲፌንስ ሮድ ነበር። የቆዩ ነዋሪዎች ዛሬም ቡርጅ ኸሊፋ አጠገብ ያለውን ማሳለጫ ዲፌንስ አደባባይ ይሉታል። የአሁኑ ስሙ የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሼህ ዛይድ ቢን ሱልጣን አል ነህያን መታሰቢያ ነው።

በ1979 በመንገዱ ዳር ባለ 39 ፎቅ የዓለም ንግድ ማዕከል ተሠራ። የነደፈው እንግሊዛዊው አርክቴክት ጆን ሃሪስ ነው። የመረቁት ንግሥት ኤልሳቤጥ ናቸው። የዚያን ዘመን ፎቶዎች ስታዩ ሕንፃው ብቻውን ቆሟል፣ ዙሪያው አሸዋ ነው። የከተማዋ ሕዝብ ያኔ 300,000 አይሞላም ነበር። አሁን ወደ 4 ሚሊዮን ተጠግቷል። ሼህ ዛይድ መንገድን ለመረዳት እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ በቂ ነው። መንገዱ የተነደፈው ለመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ የሚያገለግለው ሁለተኛውን ነው።

ከ1993 እስከ 1998 በሰፊው ታደሰ፣ ሌኖቹም በዙ። እንደ አገር አቋራጭ መንገድ መለያው ኢ11 ነው። ከሳዑዲ ድንበር ተነስቶ በአቡዳቢ፣ በዱባይና በሻርጃ አድርጎ እስከ ራስ አል ኸይማ ይሄዳል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ መንገድ ሁለት ሥራ ተሰጠው። በአንድ በኩል አገር አቋራጭ ነው። ከአቡዳቢ የሚመጣው መኪና ሳይቆም ማለፍ ይፈልጋል። በሌላ በኩል የከተማዋ ዋና ጎዳና ሆነ። ሰው የሚሠራው፣ የሚገበያየው፣ የሚኖረው በዳርና ዳሩ ነው። አገር አቋራጭ መንገድ አጥር ይፈልጋል፣ ፍጥነት ይፈልጋል፣ መውጫና መግቢያው ጥቂት እንዲሆን ይፈልጋል። የከተማ ጎዳና የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፦ ዜብራ፣ ጥላ፣ ማቆሚያ፣ ዝግ ያለ መኪና። ሁለቱን በአንድ አስፋልት ላይ ማስታረቅ አይቻልም። አንዱ መሸነፍ ነበረበት። የተሸነፈው እግረኛው ነው።

ከተማዋ ለምን በዚህ መንገድ ዙሪያ አደገች? መሬቱን ማየት ነው። በአንድ በኩል ባሕር አለ። በሌላ በኩል በረሃ አለ። በ1979 የጀበል አሊ ወደብ ከመሃል ከተማው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሥራ ጀመረ፣ በ1985 ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጠናው ተከፈተ። አሮጌው ከተማ በአንድ ጫፍ፣ ወደቡ በሌላ ጫፍ፣ መሃሉ ባዶ መሬት ሆነ። ያ ባዶ መሬት መሞላቱ አይቀርም ነበር። በ2002 የውጭ ዜጎች በተወሰኑ ቦታዎች ቤት ገዝተው ባለቤት እንዲሆኑ ሲፈቀድ ግንባታው ጎረፈ። ቀድመው በነበሩት በኢንተርኔት ሲቲና በሚዲያ ሲቲ ላይ ማሪና፣ በ2005 ሞል ኦፍ ዘ ኤምሬትስ፣ በ2008 ዱባይ ሞል፣ በ2010 ባለ 828 ሜትሩ ቡርጅ ኸሊፋ መጡ። ሁሉም የያዙት ያንኑ መንገድ ነው።

ማዶ ለማዶ

የመንገዱ ሁለት ዳሮች አንድ ዓይነት አይደሉም። በባሕሩ በኩል ጁሜራ አለ። ቪላ፣ ባሕር ዳርቻ፣ ጸጥ ያለ ሰፈር ነው። በበረሃው በኩል አል ቁዝ አለ። ጋራዡ፣ መጋዘኑ፣ የሠራተኞች መኖሪያ ካምፑ እዚያ ነው። በአንዱ ዳር ቤት የሚጠብቀው፣ አትክልት የሚያጠጣው፣ ግንባታ ላይ የሚውለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያድረው በሌላው ዳር ነው። ስለዚህ መንገዱን መሻገር የግድ ነበር። ለመዝናናት ሳይሆን ለእንጀራ።

የአዲስ አበባን ቀለበት መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። ድልድዩ ሩቅ ሲሆን ሰው አካፋዩን ይዘላል። ሕግ ስለማያውቅ አይደለም። ፀሐይ አለ፣ ሸክም አለ፣ ሰዓት አለ። ዱባይ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ይጨመርበታል። በበጋ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት ትንፋሽ ያሳጥራል። መንግሥት ራሱ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6፡30 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ መሥራትን ይከለክላል። በዚያ ሙቀት ለአንድ ሰው «ሁለት ኪሎ ሜትር ሄደህ በድልድይ ተሻገር» ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ሌን፣ ማሳለጫ፣ ክፍያ

የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ ማስፋት ነበር። ሌን ተጨመረ። ማሳለጫ ተሠራ። ሌኖቹ በአንዳንድ ቦታ በአንድ አቅጣጫ ስድስትና ከዚያ በላይ ደረሱ። ከዚያ በበረሃው በኩል ተመሳሳይ አቅጣጫ ያላቸው መንገዶች ተዘረጉ፦ አል ኸይል፣ ዛሬ በሼህ መሐመድ ቢን ዛይድ ስም የሚጠራው ኢ311፣ ከዚያም ወዲያ ኢ611። አዲስ መንገድ በተከፈተ ቁጥር ለጊዜው ቀለል ይላል። ከዚያ በአዲሱ መንገድ ዳር አዲስ ሰፈር ይሠራል፣ የሰፈሩ ሰው መኪና ይገዛል፣ መጨናነቁም ይመለሳል። ይህ የዱባይ ብቻ አይደለም። ዱባይ ላይ ግን በጣም በፍጥነት ስለሆነ በዓይን ይታያል።

በ2005 የዱባይ የመንገድና ትራንስፖርት ባለሥልጣን ተቋቋመ። ባለሥልጣኑ ሌላ ዘዴ ሞከረ። በጁላይ 1 ቀን 2007 ሳሊክ የሚባለው የመንገድ ክፍያ ተጀመረ። በሼህ ዛይድ መንገድ የመጀመሪያው በር አል ባርሻ ላይ ቆመ። ማቆሚያ የለውም፣ ገንዘብ ተቀባይ የለውም። መስታወት ላይ የተለጠፈውን ታግ ከላይ ያለው መሣሪያ ያነበዋል፣ ከሒሳብ ላይ 4 ድርሃም ይቀነሳል። በሴፕቴምበር 2008 አል ሳፋ ላይ ሌላ በር ተጨመረ። በኖቬምበር 2024 ሁለት አዳዲስ በሮች ሥራ ጀመሩ። ከጃንዋሪ 2025 መጨረሻ ወዲህ ዋጋው በሰዓት ይለያያል። በሥራ ቀን ጠዋትና ማታ በመግቢያና መውጫ ሰዓት 6 ድርሃም፣ በሌላው ጊዜ 4፣ ከሌሊቱ 7 እስከ ንጋት 12 ሰዓት ነፃ ነው።

ክፍያው በመርሕ ደረጃ ትክክል ይመስለኛል። መንገድ ውድ ነገር ነው። ሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት ሊጠቀምበት ከፈለገ ማን መቼ እንደሚያልፍ የሚለይ አንድ ነገር መኖር አለበት። የሰዓት ልዩነቱ መምጣቱም ጥሩ ነው፤ ሰዓቱን ማሸጋሸግ የሚችል ያሸጋሽጋል። ግን የቅደም ተከተሉን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ክፍያው የመጣው በ2007 ነው። ሜትሮው የመጣው በ2009 ነው። በመሃል ባሉት ሁለት ዓመታት አሽከርካሪው ከመክፈል ወይም ከመዞር ሌላ በቂ ምርጫ አልነበረውም። ብዙዎች ዞሩ። መጨናነቁም ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው ተዛወረ። መጀመሪያ ባቡሩ ቢመጣ፣ ክፍያው ቢከተል፣ ሰው ከመኪናው እንዲወርድ ምክንያትም መንገድም ይኖረው ነበር።

ለመኪናው ሁሉም ተሞከረ። ለሚሻገረው ሰው ግን እስከዚያ ድረስ ብዙ አልተደረገለትም። ባለሥልጣኑ በሰጠው አኃዝ በ2006 በመላ ዱባይ የነበሩት የእግረኛ ድልድዮችና የምድር ውስጥ መሻገሪያዎች 13 ብቻ ናቸው። በመላ ከተማው አሥራ ሦስት!

ባቡሩ ይዞት የመጣው ድልድይ

በሴፕቴምበር 9 ቀን 2009 የዱባይ ሜትሮ ቀይ መስመር ተመረቀ። በመጀመሪያ የተከፈቱት 10 ጣቢያዎች ናቸው። ሌሎቹ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ተከታትለው ተከፈቱ፣ መስመሩም ወደ 52 ኪሎ ሜትርና 29 ጣቢያዎች ደረሰ። ባቡሩ አሽከርካሪ የለውም። ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ፉርጎ አለው። ከንግድ ማዕከሉ እስከ ጀበል አሊ ድረስ በሼህ ዛይድ መንገድ ጎን ለጎን በምሰሶ ላይ ይሄዳል።

ሜትሮው የተሠራው መጨናነቅን ለመቀነስ ነው። ይህን አደረገ፤ በ2024 ብቻ የዱባይ ሜትሮ ከ275 ሚሊዮን በላይ ተሳፋሪ አጓጉዟል። ለእኔ ግን ትልቁ ውጤት ሌላ ነው። ጣቢያዎቹ ያሉት ከመንገዱ በአንድ በኩል ነው። ከማዶ ያለው ሰው ካልተሻገረ ተሳፋሪ አይሆንም። ስለዚህ በየጣቢያው ከመንገዱ በላይ የሚያልፍ የተሸፈነ ድልድይ መሥራት ግድ ሆነ። ውስጡ አየር ማቀዝቀዣ አለ። በብዙዎቹ ላይ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ሰው ቆሞ የሚሄድበት ተንቀሳቃሽ ወለል አለ። በሁለቱም ጫፍ ሊፍትና ኤስካሌተር አለ። የትኬት በሩ ከድልድዩ ውጭ ስለሆነ ባቡር የማይሳፈር ሰውም ምንም ሳይከፍል ይሻገርበታል።

በአንድ ጊዜ፣ ከተማዋን የከፈለው መንገድ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ መሻገሪያ አገኘ። ከአል ባርሻ ወጥቶ ማዶ ያለ ቢሮ የሚገባ ሰው ታክሲ መያዝ ቀረለት። የሆቴል ጽዳት ሠራተኛዋ፣ የሱቅ ጥበቃው፣ ቱሪስቱ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁ በአንድ ኮሪደር ይተላለፋሉ። ይህን ያደረገው እግረኛን የሚመለከት ትልቅ ዕቅድ አይደለም። ባቡሩ ሰው ስለፈለገ ነው። የመንገድ መሐንዲሶቻችን ይህን ቢያጤኑት ደስ ይለኛል። የሕዝብ ትራንስፖርት በሰፊ መንገድ ዳር ሲተከል ባቡርና ሐዲድ ብቻ አይመጣም። እግረኛው በዕቅዱ ውስጥ የግድ ይገባል፤ ምክንያቱም እሱ ካልደረሰ ባቡሩ ባዶውን ይሄዳል።

አንድ የታወቀ ጉዞ ልጥቀስ። ጁሜራ ቤት የምትሠራ ልጅ ኦፍ ስትወጣ ብዙ ጊዜ ወደ አሮጌው ከተማ፣ ወደ ዴራ ትሄዳለች። የአበሻ ምግብ ቤቱ፣ ገንዘብ መላኪያው፣ የአገር ሰው እዚያ ነው። ከማዳሟ ቤት እስከ ጣቢያው በአውቶቡስ ወይም በእግር ትመጣለች። በድልድዩ ትገባለች። ኖል የሚባለውን የመክፈያ ካርዷን በሩ ላይ ታስነካለች። ዩኒየን ወይም አል ሪጋ ጣቢያ ትወርዳለች። እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 7.5 ድርሃም ይቆረጥባታል። በታክሲ ቢሆን የዚያ ስንት እጥፍ ነው። ከደመወዟ ወደ አገር ቤት ለምትልክ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

በ2024 በዱባይ የእግረኛ ድልድዮችና የምድር ውስጥ መሻገሪያዎች 177 ደርሰዋል። በባለሥልጣኑ አኃዝ መሠረት በ2007 ከ100,000 ሰው 9.5 እግረኛ በመኪና አደጋ ይሞት ነበር። በ2024 ወደ 0.3 ወርዷል። ቁጥሩን በሙሉ ለድልድዮቹ መስጠት አይገባም። የፍጥነት ካሜራው በዝቷል፣ ቅጣቱ ከብዷል፣ መኪኖችም ተሻሽለዋል። ሆኖም ሰው ከመኪና ጋር እንዳይገናኝ የሚያደርግ ነገር ሲሠራ አደጋ እንደሚቀንስ ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ያልተዘጋው ክፍተት

ሥራው አላለቀም። 52 ኪሎ ሜትር ላይ 29 ጣቢያ ማለት በአማካይ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። አማካዩ ግን ያታልላል። በመሃል ከተማው ጣቢያዎቹ ተቀራርበዋል። አል ቁዝ አካባቢ ተራርቀዋል። ማለትም መሻገሪያ በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ መሻገሪያው ሩቅ ነው። ጣቢያ መድረስም ራሱ ጉዞ ነው። ከዱባይ ሞል ጣቢያ እስከ ሞሉ የሚወስደው የተሸፈነ መተላለፊያ 820 ሜትር ነው፤ በ2012 መጨረሻ እስኪከፈት ድረስ ሰው በአውቶቡስ ወይም በፀሐይ ነበር የሚደርሰው። ሞል ለሌለው ሰፈር ግን እንዲህ ያለ መተላለፊያ የሚሠራለት የለም።

ሕጉም በዚያው ልክ ጠንክሯል። ከተፈቀደ ቦታ ውጭ መሻገር ለብዙ ዓመታት 400 ድርሃም ያስቀጣ ነበር። በማርች 2025 መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የትራፊክ ሕግ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በሚፈቀድባቸው መንገዶች ለሚፈጸም ጥፋት ከ3 ወር የማያንስ እስራት፣ ከ10,000 ድርሃም የማያንስ መቀጮ ወይም ሁለቱንም ያስከትላል። ሼህ ዛይድ መንገድ ከነዚህ አንዱ ነው። እዚያ ያላችሁ ወገኖች ይህን እወቁት፣ ለአዲስ መጪውም ንገሩት። ሕጉ ሕይወት ለማዳን የወጣ ነው፣ አልቃወመውም። ቅጣት ሲከብድ ግን መሻገሪያውም መቅረብ አለበት። 10,000 ድርሃም ለብዙ ሠራተኛ የወራት ደመወዝ ነው።

እንደሚቻል ደግሞ መንገዱ ራሱ ምስክር ነው። በኖቬምበር 2016 የተከፈተው የዱባይ የውሃ ቦይ ሼህ ዛይድ መንገድን ያቋርጣል። ጀልባ በሥር እንዲያልፍ መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ ስምንት ስምንት ሌን ባለው ድልድይ ከውሃው 8 ሜትር ከፍ ተደርጎ ተሠራ። ትራፊኩም በግንባታው ወቅት በተለዋጭ መስመር አለፈ። ለጀልባ ይህን ያህል ከተሠራ ለአል ቁዝ ሠራተኛ አንድ ተጨማሪ ድልድይ ከባድ አይደለም።

ዝናቡ የገለጠው

ኤፕሪል 16 ቀን 2024 ሌላ ድክመት ታየ። በዱባይ አየር ማረፊያ በ24 ሰዓት ውስጥ 142 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ። የቦታው ዓመታዊ አማካይ 95 ሚሊ ሜትር አይሞላም። የዓመቱ ዝናብና ከዚያ በላይ በአንድ ቀን መጣ ማለት ነው። የሼህ ዛይድ መንገድ ክፍሎች በውሃ ተዋጡ። መኪና እስከ መስኮቱ ሰጠመ። ሰው መኪናውን ትቶ በእግሩ ሄደ። ሜትሮውም ተጎዳ። አራት ጣቢያዎች እንደገና የተከፈቱት ከአንድ ወር በላይ ቆይተው ነው።

ከተማው፣ አውራ መንገዱና ባቡሩ በአንድ ጠባብ መስመር ላይ ተደርድረዋል። አንዱ ሲቆም ሌላው አልተካውም፤ አብረው ቆሙ። በረሃ ላይ ለዝናብ ብሎ ትልቅ ቱቦ መቅበር ለብዙ ዓመታት ብክነት ይመስል ነበር። ከጎርፉ ሁለት ወር በኋላ መንግሥት ታስሪፍ የተባለ የ30 ቢሊዮን ድርሃም የዝናብ ውሃ ማስወገጃ ሥራ ይፋ አደረገ። በ2033 ሲያልቅ በቀን ከ20 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ እንዲያስወግድ ታስቧል።

አሁን የተያዘው

በየዓመቱ አንድ ጠዋት ሼህ ዛይድ መንገድ ለሩጫ ተብሎ ለመኪና ይዘጋል። ከ2019 ጀምሮ በኖቬምበር የሚካሄደው የዱባይ ሩጫ ነው። ሰው 5 ወይም 10 ኪሎ ሜትር መርጦ በሙዚየም ኦፍ ዘ ፊውቸርና በረጃጅሞቹ ሕንፃዎች መካከል ይሮጣል። በቅርብ ዓመታት የተሳታፊው ቁጥር ከ200,000 አልፏል። ሕፃን በጋሪ ይገፋል፣ ሽማግሌ ይራመዳል። ሰው በዚያ መንገድ ላይ በእግሩ ለመሆን ምን ያህል እንደናፈቀ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላየሁም።

መንግሥትም የገባው ይመስላል። በዲሴምበር 2024 ዱባይ ዎክ የተባለ ዕቅድ ይፋ ሆነ። 6,500 ኪሎ ሜትር የእግረኛ መንገድ መገንባትና ማደስ፣ 110 አዳዲስ ድልድዮችና የምድር ውስጥ መሻገሪያዎች መሥራት ይዟል። ዛሬ በእግርና በብስክሌት የሚደረገው ጉዞ ከጠቅላላው 13 በመቶ ነው፤ በ2040 25 በመቶ እንዲሆን ይፈለጋል። ከመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ሥራዎች አንዱ ፊውቸር ሉፕ የተባለ 2 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ከፍ ያለ መተላለፊያ ነው። የንግድ ማዕከሉን፣ ሙዚየሙን፣ ኤምሬትስ ታወርስን፣ የፋይናንስ ማዕከሉንና የሜትሮ ጣቢያዎችን ያገናኛል። ከፊሉ አየር ማቀዝቀዣ ይኖረዋል።

ዕቅዱን ወድጄዋለሁ። በሼህ ዛይድ መንገድ ላይ የተጀመረበት ቦታ ግን ቀድሞም ጣቢያዎች ተቀራርበው ያሉበት፣ ሀብታሙ የመንገዱ ጫፍ ነው። ከ110ሩ መሻገሪያዎች ስንቱ አል ቁዝና ጀበል አሊ በኩል እንደሚያርፍ፣ ስንቱስ ከሠራተኛ ካምፕ በር በእግር አሥር ደቂቃ ውስጥ እንደሚገኝ የምከታተለው ያንን ነው። የመጀመሪያዎቹ ድልድዮች በዚያ በኩል ቢቆሙ ዛሬ አጥር የሚዘለው ሰው ነገ በሰላም ይሻገራል።